ማረሻ ያልነካው የሮቸስተር መቃብር

ወደ ሩቅ አገር ሄዶ የተመለሰ ሰው ስለ ትልልቅ ከተሞችና ስለ ረዣዥም ፎቆች እንዲያወራ ይጠበቅበታል። እኔም ባለፈው ግንቦት ወር ወደ አሜሪካ ሄጄ የቺካጎን ከተማ አይቻለሁ። ነገር ግን በልቤ ተስሎ የቀረው ፎቁና ድልድዩ ሳይሆን፥ በአዮዋ ግዛት ሮቸስተር በምትባል ትንሽ የገጠር መንደር አጠገብ ያለው የመቃብር ስፍራ ነው። ስፋቱ 13 ኤከር ያህል ነው፤ አንድ ጋሻ 40 ሄክታር ተብሎ ቢቆጠር የጋሻ ስምንተኛ እጅ መሆኑ ነው። በዚህ ጽሑፍ የምጠቅሰው ዓመተ ምሕረት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር መሆኑን አስቀድሜ አስታውቃለሁ።

የመንገዴ ምክንያት ኀዘን ነበር። ታላቅ ወንድሜ በቺካጎ ብዙ ዘመን ኖሮ በዚያው ዐርፎ ስለ ተቀበረ፥ ሙት ዓመቱን ከልጁ ጋር ለማሰብ ሄድኩ። የተቀበረበት ስፍራ እጅግ ንጹሕ ነው፤ ሣሩ እንደ ምንጣፍ እኩል ታጭዷል፥ ድንጋዮቹም የማጨጃው መኪና በላያቸው እንዲያልፍ ከመሬት ጋር ተስተካክለው ተቀምጠዋል። ጸሎት አድርሰን ከጨረስን በኋላ ዙሪያውን ብመለከት በአቅራቢያው አንድ ዛፍ እንኳ አልነበረም። ይህም ልቤን ነካኝ፤ ምክንያቱም በእኔና በወንድሜ መካከል ስለ አንድ ዛፍ ሳይቋጭ የቀረ ነገር ነበረ። እርሱን በስፍራው እናገረዋለሁ።

የወንድሜ ልጅ በአንድ ትምህርት ቤት ስለ ፍጥረታት ባሕርይ የምታስተምር ናት። ዝም ማለቴን አይታ፥ «አጎቴ፥ አባባ በየዓመቱ በዚህ ወር የሚሄድበት አንድ መቃብር ነበረ፤ ዘመድ ግን በዚያ የለውም። ቢፈቅዱልኝ ነገ ልውሰድዎ» አለችኝ። ዘመድ ወደሌለበት መቃብር በየዓመቱ መሄድ ምን ማለት እንደ ሆነ ስላልገባኝ ጠየቅኋት፤ እርሷም «ሲያዩት ይገባዎታል» ብላ ነገሩን ተወችው።

በማግስቱ በማለዳ ተነሥተን ወደ ምዕራብ ተጓዝን። መንገዱ ከ300 ኪሎ ሜትር ይበልጣል። በግራም በቀኝም የሚታየው ገና ከመሬት የወጣ በቆሎና አኩሪ አተር ብቻ ነው፤ አፈሩም እንደ ከሰል ጥቁር ነው። እርሻው ሁሉ በገመድ እንደ ተለካ አራት ማዕዘን መሆኑን አይቼ ተደነቅሁ። የወንድሜ ልጅ እንዳስረዳችኝ፥ በእርግጥም የተለካ ነው። በ1785 የወጣው የአሜሪካ የመሬት ሕግ አገሩ ሁሉ አንድ ማይል በአንድ ማይል እየሆነ በአራት ማዕዘን እንዲከፈል፥ እያንዳንዱም ክፍል 640 ኤከር እንዲሆን፥ 36ቱ ክፍሎችም አንድ አጥቢያ እንዲሆኑ አዝዞ ነበር። እኔ በፍርድ ቤት የወሰን ክርክር ስጽፍ የኖርኩ ሰው ስለ ሆንኩ፥ «እነዚህስ በወንዝና በገደል አይካሰሱም» ብዬ አሰብሁ።

ነገር ግን መሬቱ ከመለካቱ በፊት ባለቤቶች ነበሩት። ሚሲሲፒ የተባለውን ታላቅ ወንዝ ስንሻገር የወንድሜ ልጅ እጅዋን ወደ ደቡብ ዘርግታ፥ ዛሬ ሮክ አይላንድ በሚባለው ከተማ ስፍራ ሳውክ የሚባሉት ነገዶች ሳውኬኑክ የተባለ ትልቅ መንደር እንደ ነበራቸው ነገረችኝ። አዲስ ሰፋሪዎች በመጡ ጊዜ የበቆሎ እርሻቸውን አጠሩት፤ የአባቶቻቸውን መቃብር እንኳ አረሱት ተብሎ ይነገራል። ብላክ ሆክ፥ ትርጓሜውም ጥቁር ጭልፊት የሚባለው አለቃቸው በ1832 ከሕዝቡ ጋር ወደ አገሩ ቢመለስ ጦርነት ሆነ፥ ድልም ሆነ። በዚያው ዓመት በተጻፈው ውል ከወንዙ በስተምዕራብ ያለው ሰፊ መሬት ተወስዶ ከሰኔ 1833 ጀምሮ ለሰፋሪዎች ተከፈተ። ብላክ ሆክ በ1838 ሞቶ በአዮዋ ተቀበረ፤ በሚከተለው ዓመት ግን መቃብሩ ተዘረፈ። አጥንቱ በመጨረሻ በበርሊንግተን ከተማ በአንድ የቅርስ ቤት ተቀምጦ ሳለ፥ ቤቱ በ1855 በእሳት ሲቃጠል አብሮ ጠፋ። ስለዚህ ስለ ሮቸስተር መቃብር የሚጽፍ ሰው፥ መቃብራቸውን ያጡትን ሰዎች ሳያነሣ ቢጽፍ ታሪኩ ሙሉ አይሆንም። ሜስክዋኪ የሚባሉት የሳውኮች ወዳጆች በ1857 ከዚያው ግዛት 80 ኤከር መሬት በገንዘባቸው ገዝተው ተመልሰዋል፤ ዛሬም በዚያ ይኖራሉ።

ወደ አራት ሰዓት ገደማ ሮቸስተር ደረስን። መንደሪቱ በሴዳር ወንዝ አጠገብ ናት። ቤቶቹ ጥቂት ናቸው፤ ሆኖም መጀመሪያ የሴዳር ካውንቲ ርእሰ ከተማ እርሷ ነበረች። በ1840 ቲፕተን የተባለችው ከተማ በካውንቲው መካከል በመሆንዋ ርእሰ ከተማነቱ ወደ እርሷ ተዛወረ። ፍርድ ቤት የራቀው መንደር ምን እንደሚሆን የእኔ ቢጤ ሰው ያውቀዋል፤ ባለጉዳዩ ይቀራል፥ ከባለጉዳዩም ጋር ነጋዴው ይቀራል። ለሮቸስተር የቀረላት ታላቅ ነገር መቃብሯ ነው።

መቃብሩ በአሸዋማ ኮረብቶች ላይ ነው። በሩን አልፈን በገባን ጊዜ መጀመሪያ የተሰማኝ፥ እውነቱን ልናገር፥ ቁጣ ነበር። ኦክ የሚባሉ ታላላቅ ዛፎች ቅርንጫፎቻቸውን ዘርግተው ቆመዋል፤ ከሥራቸው ነጫጭ የመቃብር ድንጋዮች አንዱ ወደዚህ ሌላው ወደዚያ አዘንብለዋል፤ በድንጋዮቹ መካከል ግን ሣሩና አበባው ሳይታጨድ እስከ ጉልበት ደርሷል። በአገራችን መቃብሩን ዳዋ የዋጠው ሰው ልጅ ያልነበረው፥ ወይም ልጁ የረሳው ሰው ነው። «ልጄ፥ እነዚህ ሰዎች ወገን የላቸውምን?» አልኋት። እርሷም ጎንበስ ብላ በቀጭን አገዳ ላይ ወደ ታች ያቀረቀረ፥ ቅጠሎቹ ወደ ኋላ የተመለሱ አንድ ሐምራዊ አበባ አሳየችኝ። በአገሩ ቋንቋ ስሙ ተወርዋሪ ኮከብ ማለት ነው። «አጎቴ፥ ይህ አበባ ሰዎቹ ከመቀበራቸው በፊት እዚሁ ነበር። ያደገባቸው አይደለም፤ እነርሱ ናቸው ወደ እርሱ የመጡት» አለችኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከመቶ ዘጠና ዓመታት በፊት አዮዋ ከአምስት እጅ አራቱ ፕሬሪ የሚባል የሣር ሜዳ ነበር። አጎራባቹም ኢሊኖይ 22 ሚሊዮን ኤከር የሚያህል እንዲህ ያለ ሜዳ ነበረው። የሣሩ ቁመት በመከር ጊዜ ከሰው ራስ በላይ ይሆናል፤ ሥሩም ከቁመቱ ይልቅ ወደ መሬት ይጠልቃል። የዚያ አገር አፈር የጠቆረው ይህ ሥር በብዙ ሺህ ዓመታት እየበሰበሰ ስላዳበረው ነው። በየጊዜው መብረቅ ወይም የአገሩ ነገዶች የሚለኩሱት እሳት ሜዳውን ያቃጥለዋል፤ ሥሩ ግን ከእሳቱ በታች ስለ ሆነ በሚከተለው ጸደይ ያቆጠቁጣል። እሳቱ የሚገድለው ቁጥቋጦውንና የዛፍ ችግኙን ነው፤ ወፍራም ቅርፊት ያለው ኦክ ግን ይተርፋል።

የመጀመሪያዎቹ ሰፋሪዎች ይህን መሬት ለማረስ እጅግ ተቸገሩ። ጥቁሩ አፈር በማረሻው ላይ እየተጣበቀ ገበሬው በየጥቂት እርምጃው ቆሞ ይፍቀው ነበር። በ1837 ጆን ዲር የተባለ ቀጥቃጭ በኢሊኖይ ግራንድ ዲቱር በምትባል መንደር፥ ከተሰበረ የመጋዝ ብረት አፈር የማይጣበቅበት ልሙጥ ማረሻ ሠራ። ከዚያ በኋላ ሜዳው በአንድ ሰው ዕድሜ ውስጥ ታረሰ። ዛሬ በሁለቱ ግዛቶች ከጥንቱ ፕሬሪ ሳይነካ የቀረው ከሺህ አንድ እጅ እንኳ አይሞላም።

ታዲያ ያቺ ትንሽ እጅ ከምን ተረፈች? አንዳንዱ የባቡር ሐዲድ ዳር ነው፤ አንዳንዱ ለማረሻ የማይመች ድንጋያማ ኮረብታ ነው፤ ለም ከሆነው መሬት የተረፈው ግን አብዛኛው መቃብር ነው። ሰፋሪው ገና ቤቱን ሳይጨርስ ልጁ ሲሞትበት ከእርሻው ማዕዘን ቆርሶ ይቀብራል፤ ጎረቤቱም ሲሞትበት በዚያው ይቀብራል፤ ከብት እንዳይገባ ይታጠራል። አጥሩ የታጠረው ማረሻው ሳይደርስ ስለ ሆነ፥ በውስጡ ያለው መሬት የታረሰበት ቀን የለም። ኋላም ልጆቹና የልጅ ልጆቹ በዙሪያው ያለውን ሁሉ ሲያርሱ፥ በሙታን ላይ ማረሻ ማስገባት ነውር ስለ ሆነ አልነኩትም። እንዲህ ሆኖ ሕፃናቱ ከሞቱም በኋላ ሜዳውን ጠበቁት።

የሮቸስተር መቃብር የተጀመረው በ1830ዎቹ፥ ማለት አገሩ ለሰፋሪዎች እንደ ተከፈተ ነው። ዛሬ በአጥሩ ውስጥ ከ300 የሚበልጡ የዕፅዋት ዓይነቶች ተቆጥረዋል። በአጥሩ ማዶ ባለው እርሻ ደግሞ ያለው አንድ ዓይነት ብቻ ነው፤ እርሱም በቆሎ ነው።

ስለ ስፍራው የሚነገር አንድ ወሬም አለ። በዓለም የታወቀችው የፈረንሳይ ተዋናይ ሣራ በርናር በእውነቱ የሮቸስተር ልጅ ነበረች፥ እናትዋም በዚህ መቃብር ተቀብራለች ይላሉ። ፊትዋን የሸፈነች አንዲት እንግዳ ሴት መጥታ በመቃብሩ ላይ አበባ አስቀምጣ ሄደች ብለውም ይጨምራሉ። የታሪክ መጻሕፍት ግን ተዋናይዋ በ1844 በፓሪስ እንደ ተወለደች ይናገራሉ። እኔ በሥራዬ ብዙ የምስክር ቃል ስለ ጻፍሁ፥ ፊቷ የተሸፈነ ምስክር ለማስረጃ እንደማይበቃ አውቃለሁ። ነገር ግን ፍርድ ቤቱን ያጣች መንደር የራስዋን ታላቅ ሰው ብትፈልግ አልፈርድባትም።

ቀኑ የመታሰቢያ ቀን የሚባለው በዓል ዋዜማ ነበር። ይህ በዓል የእርስ በርስ ጦርነቱ ከተፈጸመ በኋላ በ1868 የወደቁትን ወታደሮች መቃብር በአበባ ለማስጌጥ የተጀመረ ነው፤ ከ1971 ጀምሮም በግንቦት መጨረሻ ሰኞ ይውላል። ስለዚህ ሰዎች ወደ ዘመዶቻቸው መቃብር ይመጡ ነበር። ከእነርሱም መካከል አንድ ሽማግሌ ተንበርክከው በአንድ መቃብር ዙሪያ ያለውን ሣር በመቀስ ሲከረክሙ አየሁ። ከጎኑ ያለውን መቃብር ግን ከነአበባው ትተውታል። በሚሲዮን ትምህርት ቤት በተማርሁት እንግሊዝኛ ሰላምታ ሰጥቼ ምክንያቱን ጠየቅኋቸው።

ሽማግሌውም፥ «ይህ አባቴ ነው፥ ያቺ እናቴ ናት። አባቴ በሕይወቱ ሳለ የቤቱን ሣር በየሳምንቱ ያጭድ ነበር፤ እናቴ ደግሞ ይህን አበባ ለማየት በየዓመቱ ትመጣ ነበር። እኔ ለሁለቱም እንደ ፈቃዳቸው አደርጋለሁ» አሉኝ። ቀጥለውም በዚህ ነገር ሰዎች እንደማይስማሙ ነገሩኝ። ወላጆቻቸውን በዚያ የቀበሩ አንዳንዶች፥ ሣሩ ካልታጨደ ሙታኑ ተንቀዋል ይላሉ፤ ሌሎች ደግሞ ይህን ሜዳ ማጨድ በዓለም የቀረውን የመጨረሻ መጽሐፍ እንደ መቅደድ ነው ይላሉ። መቃብሩን የሚጠብቁት የአጥቢያው ባለ አደራዎችም በሁለቱ መካከል ናቸው። እስጢፋን ሎንግማየር የተባሉ ፎቶግራፍ አንሺ ይህንኑ መቃብርና ክርክሩን በ2011 በታተመ መጽሐፋቸው ገልጸውታል።

እኔ ነገሩን እንደ ጉዳይ መዝግቤ ሳስበው፥ ሁለቱም ወገኖች ከሳሽ እንጂ ተከሳሽ ሆነው አልታዩኝም። ሁለቱም የሚከራከሩት ስለ አክብሮት ነው። አንዱ ሙታንን ሲያከብር ሌላው ሙታን የተኙበትን ምድር ያከብራል። ማጨዱ ግን አንዴ ከተለመደ በኋላ የማይመለስ ነገር ይዞ ይሄዳል። ኦልዶ ሊዮፖልድ የተባሉ የዊስኮንሲን ዩኒቨርሲቲ መምህር፥ በሞቱ በዓመቱ በ1949 በወጣው ሳንድ ካውንቲ አልማናክ በተባለው መጽሐፋቸው፥ በሚመላለሱበት መንገድ ዳር ስላለ አንድ የገጠር መቃብር ጽፈዋል። በአጥሩ ማዕዘን ከጥንቱ ሜዳ የተረፈች ትንሽ ቁራጭ ነበረች፤ በውስጧም በየሐምሌው የሰው ቁመት የሚያህል ቢጫ አበባ ያለው ተክል ይወጣ ነበር። ቅጠሎቹ ጠርዛቸውን ወደ ሰሜንና ወደ ደቡብ ስለሚያዞሩ አቅጣጫ አመልካች ይሉታል። አንድ ቀን የመንገድ ሠራተኞች አጥሩን አንሥተው ተክሉን አጨዱት። በመኪና ከሚያልፉት ብዙ ሰዎች መካከል መጥፋቱን ያስተዋለ ያለ አልመሰላቸውም።

እንዲህ ያሉ መቃብሮች ሌሎችም አሉ። በኢሊኖይ የዌስተንና የፕሮስፔክት መቃብሮች እያንዳንዳቸው 5 ኤከር ያህል ናቸው፤ በኦሃዮ ያለው የቢግሎው መቃብር ግማሽ ኤከር ብቻ ነው። የሚጠብቋቸው ሰዎች በጸደይ እሳት ለኩሰው ያቃጥሏቸዋል፥ ባዕድ የሆነውን ቁጥቋጦ ይነቅላሉ። እንዲህ ካሉት የተረፉ ስፍራዎች ዘር እየለቀሙም የደከመ እርሻ ወደ ጥንቱ ሜዳ እንዲመለስ ይዘራሉ።

ከምሳ በኋላ ከአንድ ኦክ ጥላ ሥር ተቀምጠን ሳለ፥ የወንድሜ ልጅ «አባባ ሁልጊዜ የሚቀመጠው እዚህ ነበር። የአያቴን ደብር ይመስላል ይል ነበር» አለችኝ። በዚህ ጊዜ መናገር አቃተኝ።

አባታችን የተቀበረው በደብረ ታቦር አካባቢ በምትገኝ የገጠር ቤተ ክርስቲያን ቅጥር ውስጥ ነው። አንባቢዎች እንደሚያውቁት፥ በዚያ አገር ከሩቅ ጥቁር ሆኖ የሚታይ ደን ካለ ቤተ ክርስቲያን አለ ማለት ነው። ዙሪያው ሁሉ ታርሶ ራቁቱን ሲቀር፥ ጽዱና ወይራው፥ ዝግባውና ኮሶው የቀረው ሙታን በተኙበት ቅጥር ውስጥ ነው። ዶክተር ዓለማየሁ ዋሴ የተባሉ የደን ሊቅ የደቡብ ጎንደርን የቤተ ክርስቲያን ደኖች ሲመረምሩ ከብት ችግኙን እየበላ ደኑ እንዳያረጅ በማሰብ፥ ከካህናቱና ከሕዝቡ ጋር ሆነው በድንጋይ ካብ እንዲታጠር ደክመዋል። እንግዲህ የሮቸስተር አጥርና የእኛ ካብ አንድ ሥራ ይሠራሉ።

በአባታችን መቃብር ራስጌ አንድ ያረጀ ወይራ ነበር። እኔ ደመወዝ ሲበቃኝ የአባቴን መቃብር ላሳምር ብዬ ወይራውን አስቆረጥሁ፤ ስፍራውንም አስጠርጌ በሲሚንቶ አስለበጥሁ። ሥራው ሲያልቅ ፎቶግራፍ አንሥቼ ለወንድሜ ላክሁለት፤ ያመሰግነኛል ብዬ ነበር። እርሱ ግን፥ ከዚያ ወይራ ሥር አባታችን ዳዊት ያስቆጠረንን እንደ ረሳሁ፥ የአባታችን ሐውልት እርሱ እንደ ነበረ ጻፈልኝ። እኔም ተቆጥቼ መልስ ሳልሰጥ ቀረሁ። ኋላ በስልክ ስንነጋገር ስለ ሌላ ሌላው እናወራ ነበር፤ ስለ ወይራው ግን አንዳችን አላነሣንም። ወንድሜም እንዲሁ ዐረፈ።

በቤተ ክርስቲያን ትምህርት ቤት ሳለሁ አብርሃም ለሚስቱ ለሣራ መቃብር የማክፌላን እርሻ ከኬጢያዊው ከኤፍሮን በ400 ሰቅል ብር እንደ ገዛ ተምሬ ነበር። የፍርድ ቤት ጸሐፊ ከሆንሁ በኋላ ያ ምዕራፍ እንደ ጥሩ ውል ይታየኝ ነበር፤ ሻጭና ገዢው፥ ዋጋውና ወሰኑ፥ በከተማው በር የቆሙት ምስክሮች ሁሉ ተጠቅሰዋል። በሮቸስተር ተቀምጬ ግን ከዚያ ቀደም ልብ ሳልለው ያለፍሁት ነገር ትዝ አለኝ፤ በውሉ ውስጥ በእርሻው ላይ ያለው ዛፍ ሁሉ ተቆጥሯል። ይህንንም ለወንድሜ ልጅ ነገርኋት፤ የወይራውንም ነገር ሁሉ ምንም ሳላስቀር ነገርኋት። እርሷም ጥቂት ዝም ካለች በኋላ፥ «አባባ ደብዳቤውን በመጻፉ ይጸጸት ነበር» አለችኝ።

ወደ አገሬ ከተመለስሁ በኋላ ለደብሩ አለቃ አመልክቼ ፈቃድ ተቀበልሁ። በሐምሌ ወር ወርጄ ከመቃብሩ ራስጌ ያለውን ሲሚንቶ በመዶሻ አስፈረስሁ፤ ከዚያው ከደብሩ ደን የተገኙ ሁለት የወይራ ችግኞችም ተከልሁ። አንዱ ስለ አባቴ፥ አንዱ ስለ ወንድሜ ነው። ፍየል እንዳይበላቸው በእሾህ አጥሬአቸዋለሁ። የቀረውን ሲሚንቶ ግን አልነካሁትም፤ እኅቶቼ ንጹሑን ይወዱታልና።

ክቡራን አንባቢዎች፤ የወላጆቻችሁን መቃብር ለማሳመር ያሰባችሁ እንደ ሆነ፥ መጥረቢያ ከማንሣታችሁ በፊት በዙሪያው የቆመውን ዛፍ በማን ዘመን እንደ በቀለ ሽማግሌዎችን ጠይቁ። በሩቅ አገር ያለ ወንድም ወይም እኅት ካላችሁም ለእርሱም ጻፉለት፤ መልስ ሲጽፍላችሁም ሳትመልሱለት አትቆዩ። የእኔ ችግኞች ባለፈው ወር እንደ ተጻፈልኝ አንድ ክንድ ያህል ሆነዋል።